ለፈተና የታመሙ ጎረቤቶች

ሰው ሥራውን መቻል አለመቻሉን የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲነግረው ነው። ልብስ ሰፊው ደንበኛው መስታወት ፊት ዞር ዞር ሲል ፊቱን አይቶ ይረዳዋል። ምግብ የሚሠራ ሰው ተመልሶ የመጣለትን ሳህን አይቶ ልኩን ያውቃል። የባጃጅ ሾፌር እንኳ ጉድጓድ ውስጥ ዘው ብሎ ካንገጫገጫችሁ ፍርዱን እዚያው ከኋላ ወንበር ይሰማል። የእኔ ደንበኛ ግን ሥራዬን ስሠራ ተኝቷል። ሲነቃም የሚያየው ሥራዬን ሳይሆን ፋሻውን ነው። ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ ሀርጌሳ ውስጥ።

ሀርጌሳ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። እዚህ ታካሚዬ ሲድን ቤተሰቡ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አልሐምዱሊላህ ይላል። ሲሞት ደግሞ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን ይባላል፤ ውሳኔው ከላይ የመጣ ነውና ማንም ማንንም ሳይወቅስ ሬሳውን ይዞ ይሄዳል። እኔም ሙስሊም ነኝ፤ በሁለቱም አምናለሁ፤ አሚን የምለውም ከልቤ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ? በምስጋናውና በመጽናናቱ መካከል ለእኔም አንዲት ጠባብ መቀመጫ ብትኖር ደስ ይለኝ ነበር። ስፌትህ ጠማማ ነው የሚለኝ ሰው ባገኝ እጁን እስመው ነበር።

ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ተምሬ፣ ወደዚህ የመጣሁት «ለጥቂት ጊዜ» ብዬ ነው። ለጥቂት ጊዜ ብሎ የወጣ ሰው ምን ያህል እንደሚቆይ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በየቤቱ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። የምሠራበት ሆስፒታል ያለው ቀዶ ሐኪም እኔ ብቻ ነኝ። ጠዋት ክፍሌን ቆልፌ ጅግጅጋ ያር ከሚባለው ሰፈሬ በሚኒባስ ወደ መሀል ከተማ እወርዳለሁ፣ ማምሻውን ተመልሼ ያንኑ ክፍል እከፍታለሁ። መሀል ላይ የሰው ሆድ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። አንዳንድ ቀን ውስጥ ገብቼ ያልጠበቅሁት ነገር ሲያጋጥመኝ፣ ከተማሪነቴ በቀረ ልማድ፣ የሚጠየቅ ሰው ፍለጋ ቀና እላለሁ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ እኔን እያዩ ነው። መልሼ አጎነብሳለሁ።

ፌሎሺፕ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የቀዶ ሐኪሞች ማዕረግ ልፈተን ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ስነግራቸው ሰዎች ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «ልትሄድ ነው ማለት ነው» ይሉኛል። የቪዛ ነገር ይመስላቸዋል። አይፈረድባቸውም፤ እዚህ አካባቢ ወረቀት የሚያሳድድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከወረቀቱ ኋላ አውሮፕላን አለው። እኔ ግን የፈለግሁት ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ፊቴ ቁጭ ብለው፣ አይተውኝ፣ ትችላለህ ወይም አትችልም እንዲሉኝ ነበር። የትኛውንም ቢሉኝ ግድ አልነበረኝም። ማለቴ፣ ያን ጊዜ ግድ የለኝም ብዬ አስብ ነበር።

ማመልከቻው የዋዛ አይደለም። ዲፕሎማውን አሳዩ፣ ያሳያችሁትን አረጋግጡ፣ ያረጋገጠውን ሰው ደግሞ አረጋግጡ ነው። እሱስ ይሁን። የያዘኝ ሌላ ነው፤ ሥራዬን በዓይናቸው ያዩ ሁለት ቀዶ ሐኪሞች እንዲመሰክሩልኝ ተጠየቅሁ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ማን አይቶኛል? አንደኛው የቀድሞ አስተማሪዬ ሆኑ፤ እሳቸውም ያዩኝ ጢሜ በቅጡ ሳይወጣ ነው። ስደውልላቸው አሁንም ክር ስታስር ምላስህን ትነክሳለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። መንከሴን አላውቅም ነበር፤ አፌን ጭምብሉ ይሸፍነዋል፣ ማን ነግሮኝ ልወቅ? ሁለተኛው የላንቃ ስንጥቅ ያለባቸውን ሕፃናት ሊያክም መጥቶ የነበረ እንግዳ ሐኪም ነው፤ ጥቂት ቀን አብረን ሠርተን ነበርና ሰውዬው ደግ ሆኖ ጻፈልኝ። ብቻ ማመልከቻዬ ተቀባይነት አገኘ።

የጽሑፉን ክፍል ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ተገላገልኩ። ጽሑፍ አያስቸግረኝም፤ ብቸኛ ሰው ያነባል፣ ሌላ ምን ያደርጋል? የሚያስፈራው የመጨረሻው ነው። ናይሮቢ ተሄዶ፣ ከክፍል ክፍል እየተዞረ፣ ታማሚ መስለው ከተቀመጡ ተዋንያን ጋር እየተነጋገሩ የሚፈተኑት። ፈታኙ ጥግ ይዞ ያያል። ክፉ ዜና እንዴት ትነግራለህ፣ ኦፕራሲዮኑን እንዴት ታስረዳለህ፣ ታማሚዋ ስታለቅስብህ ምን ታደርጋለህ ነው ነገሩ። የፈተናው ማዘጋጃ መጽሐፍ ይህን በሰው ፊት ተለማመዱ ይላል። ሌሎቹ ተፈታኞች ጓደኛ አላቸው፣ ጥናት ቡድን አላቸው። እኔም በኢንተርኔት አንዱ ቡድን ውስጥ ገብቼ ነበር፤ ኔትወርኩ ሲንገዳገድ የሁሉም ፊት አፉን እንደከፈተ ደርቆ ይቀራል፣ እኔም ለደረቁ ፊቶች ስለ አንጀት ሳስረዳ እከርማለሁ። በኋላ ተውኩትና ቁም ሳጥኔን ታማሚ አደረግሁት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ለቁም ሳጥኑ ካንሰር እንዳለበት በረጋ ድምፅ እየነገርኩት ሳለ በሩ ተንኳኳ። ኤዶ ሳህራ ናት፣ የቤቱ ባለቤት። ኤዶ እዚህ አክስት እንደማለት ነው፤ በዕድሜ የገፋች ሴት ሁሉ ትባላለች። ልጅነቷን ድሬዳዋ ስላሳለፈች አማርኛዋ የድሬ ነው፤ የድሬ ሰው ደግሞ አንቱታ አልፈጠረበትም። «አሉ፣ መጡ» ብዬ ብጽፍላት ምን አድርጌህ ነው የምታርቀኝ ብላ ትቀየመኛለች፤ ስለዚህ እናንተ አትቀየሙኝ። ከታች ሆና ሰምታኛለች። ቀስ ብላ ክፍሉን ቃኘችና ማን ጋር እንደምነጋገር ጠየቀችኝ። የፈተናውን ነገር ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋት። ቁም ሳጥኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«አቦ ተወው እሱን» አለችኝ። «እኔ እታመምልሃለሁ።»

ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው ብላት፣ የሰው ፊት በእንግሊዝኛም ያው ፊት ነው አለችኝና ለጁምዓ፣ አስር ከሚባለው የከሰዓት ሶላት በኋላ ተቀጣጠርን። ጁምዓ ደረሰ። ኤዶ ሳህራ ሻርቧን ለብሳ፣ ፊቷን አጥቁራ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ መጣች። ከኋላዋ ኸድራ ቴርሞስ ይዛ፣ ከኸድራ ኋላ ዘይነባ ምንጣፍ ተሸክማ። ኸድራ ምድር ቤቱ ላይ የሴት ልብስ የምትሸጠው ናት፤ ጅጅጋ ነው ያደገችው። ዘይነባ ደግሞ ከደሴ መጥታ ምግብ ቤት የምትሠራ፣ ከእኔ ክፍል ሁለት በር አልፋ የምትኖር ተከራይ ናት። እነሱ ምን ሊያደርጉ መጡ ብዬ ጠየቅሁ። የታማሚዋ ቤተሰብ ናቸው ተባልኩ። ፈተናው ላይ ታማሚዋ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«ብቻዋን?» አለች ኤዶ ሳህራ። «ምን አጥፍታ?»

እውነቷን ነው፤ ሀርጌሳ ውስጥ ብቻውን የታመመ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ሰው ትርፍ አንጀቱን ሲያመው ግቢው በዘመድ ይሞላል፤ ክፉ ዜና ሲኖር መጀመሪያ የሚሰሙት ወንድሞችና አጎቶች ናቸው፣ ኮሪደር ላይ፣ በሹክሹክታ፤ ታማሚው የሚሰማው የተጣራውን ነው። ይከፈት አይከፈት የሚወሰነውም ተመክሮ፣ ውጭ አገር ያለ ሰው ተደውሎለት ነው። ልምምዳችንም በዚሁ ሄደ። እኔ ለኤዶ ሳህራ የሐሞት ጠጠር አለብሽ ስላት ኸድራ አቋርጣ መጀመሪያ ለእኛ ውጭ ንገረን አለች። ውጭ ወጥተን ነገርኳቸው። ዘይነባ ተቃወመች፤ ሌላ ሐኪም እናሳያት አለች፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ሌላ ማን አለ ተባባልን። ኸድራ ይሄ እንዲህ በቀላሉ አይወሰንም ብላ ስልኳን አወጣችና ኖርዌይ ላለው ለኤዶ ሳህራ የወንድም ልጅ ደወለችለት። የእውነት ደወለችለት! አክስትህ ልትከፈት ነው አለችው። ምስኪን ልጅ ሥራ ላይ ነበር። ልምምድ መሆኑን እስክናስረዳው ድረስ ጀምበር ጠልቃ የመግሪብ ሶላት ደረሰ፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ ያመነን አይመስለኝም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ወራት አለፉ። በየጁምዓው አንዳንድ በሽታ ታመሙልኝ። ዘይነባ የጣፊያ ነገር ይስማማት ነበር፤ ሲያማት ታምናታላችሁ። ኸድራ ጥያቄ ታበዛለች፤ ጠባሳው ከልብስ ውጭ ይታያል ወይ ሳትል ምንም አትፈርምም። ኤዶ ሳህራ ሁሉንም ትታመማለች፤ የጡቱን ብቻ እምቢ አለች። እናቴን የወሰዳት ነው፣ ለጨዋታም አልልም አለችኝ። ተውነው። ሲጨርሱ ሻይ በወተት ይቀዳል፤ ሐልዋ ይቆረሳል፤ የሞቱብኝና የዳኑልኝ ሁሉ ተረስቶ ስለ ሰፈሩ ይወራል። ሳምንቱን ሙሉ ጁምዓን እጠብቅ እንደነበር አሁን ሳስበው ነው የገባኝ። ያን ጊዜ የማጠና መስሎኝ ነበር።

ናይሮቢ ሄድኩ። የሆቴል አዳራሽ በመጋረጃ ከፋፍለው ክፍል ክፍል አድርገውታል። ደወል ሲደወል ትገባለህ፣ ሲደወል ትወጣለህ። አብዛኛው በሰላም አለፈ። አንዱ ክፍል ስገባ ግን ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ተቀምጠዋል፤ አንጀታቸው ላይ ካንሰር መገኘቱን የምነግራቸው እኔ ነኝ። ሰላምታ ሰጠሁ፣ ስሜን ተናገርኩ፣ ቁጭ አልኩ። አፌ ሲከፈት ዓይኔ ከሴትዮዋ ጎን ወዳለው ባዶ ወለል ሄደ፤ ኸድራ ወደምትቀመጥበት። ትከሻዬንም ወደዚያው አዞርኩና ውጤቱ ጥሩ አለመሆኑን ለወለሉ በትሕትና ማስረዳት ጀመርኩ። ሴትዮዋ ማንን እንደማናግር ለማየት ወደ ጎናቸው ዞሩ። ፈታኙ እስክሪብቶውን አቆመ። ያን ጊዜ ነው የነቃሁት።

«ይቅርታ» አልኳቸው፣ «ከማን ጋር ነው የመጡት?»

ይህ ጥያቄ የተሰጣቸው ጽሑፍ ላይ አልነበረም መሰለኝ፤ ትንሽ ፈታኙን አዩት። ብቻዬን ነኝ አሉኝ። ተዋናይ ናቸው፤ ማታ ቤታቸው ገብተው እራታቸውን እንደሚበሉ አውቃለሁ። ግን አባባላቸው ያጠናሁትን ሁሉ ከአፌ ላይ ጠረገው። ወንበሬን ጠጋ አድርጌ ዝም አልኩ። ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር ስፈልግ ደወሉ ተደወለ። ወደ ሀርጌሳ ስመለስ አውሮፕላኑ ውስጥ ወድቄያለሁ ብዬ ጨርሼ ነበር፤ እንዲያውም እንዴት እንደወደቅሁ የሚጽፉልኝን እያሰብኩ ትንሽ ተጽናናሁ።

ውጤቱ በኢሜይል መጣ። አልፌያለሁ። አንድ መስመር፤ እንኳን ደስ አለዎት የምትለዋን ጨምሮ። ወደ ታች ወረድኩ፣ ሌላ ነገር ይኖራል ብዬ። ከታች በደቃቅ ፊደል ዝርዝር አስተያየት የሚላከው ላላለፉ ተፈታኞች ብቻ መሆኑን ይገልጻል። አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት። ስለዚያች ክፍል፣ ስለ ወለሉ፣ ስለ ዝምታዬ አንዲት ቃል የለም። አብሮኝ የተማረ፣ አዲስ አበባ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ፤ እሱ ወድቆ ነበር። ደወለልኝ፤ ድምፁ ተሰብሯል። አይዞህ፣ የሚቀጥለው አለ እያልኩ ካጽናናሁት በኋላ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የላኩልህን አስተያየት እስቲ ላክልኝ አልኩት። ገጽ በገጽ ነው! ታማሚዋን ሲያዳምጥ ወደ ፊት ዘንበል ይላል፣ መልካም ነው። እጁን ሲታጠብ ይቸኩላል። ሲጨነቅ ድምፁ ይቀጥናል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይህን ሁሉ አይቶታል። እኔ ያለፍኩት ሰውዬ በወደቀው ወዳጄ ቀናሁ።

ኤዶ ሳህራ ማለፌን ስትሰማ ደረጃው ላይ ቆማ እልል አለች፤ ኸድራ ሐልዋ ላከች፤ ዘይነባ ማብሩክ አለችኝ። ከዚያ ጁምዓ መጣና አስር ተሰገደ። ማንም አልመጣም። ለምን ይመጣሉ? ፈተናው አልቋል። ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ከታች የሚኒባስ ረዳቶቹን ጥሪ ሰማሁ፣ ቁም ሳጥኑን አየሁት። ባልፍ የሚቀርልኝ መስሎኝ የነበረው ብቸኝነት ሰርተፊኬት ይዞ ተመልሶ መጣ። ማለፍ እንዲህ ጸጥ ያለ ነገር መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

ተነሥቼ ወርጄ የኤዶ ሳህራን በር አንኳኳሁ። ምን ላድርግልህ አለችኝ። እንዴት ነበርኩ ብዬ ጠየቅኋት። አልፈህ የለም እንዴ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ አለችኝ። እንዴት እንዳለፍኩ የነገረኝ ሰው የለም አልኳት፤ ስናገረው ድምፄ እንደ ልጅ ሆነብኝ፣ አፈርኩ። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። በመስኮት ብቅ ብላ ሁለቱን ጠራቻቸው። ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ እኔን ፊት ለፊት በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ።

«ክፉውን ቃል ስትናገር መስኮት መስኮት ታያለህ» አለች ኸድራ። ዘይነባ ቃሉን ከተናገርክ በኋላ ብርጭቆ እንደሰበረ ሰው መንደፋደፍ ትጀምራለህ፣ ስለ መድኃኒት ታወራለህ፣ ታወራለህ፣ ማልቀሻ ጊዜ አትሰጠንም አለች። ሻይ ስንቀዳልህ አንድ ጉንጭ ቀምሰህ ታስቀምጠዋለህ፣ የምንይዝህ ይመስልሃል ወይ አለችኝ ጨምራ። ልክ ናት፣ ግን ለምን እንደማስቀምጠው እኔም አላውቅም ነበር። ኤዶ ሳህራ የመጨረሻዋ ነበረች።

«‹እኛ› የምትለው ማንን ነው?» አለችኝ ከዚያ። «‹እኛ እናክምሻለን፣ እኛ አለንልሽ› ትላለህ። እዚያ ከአንተ ጋር ማን አለ?»

መጽሐፉ እንደዚያ በሉ ስለሚል ነው አልኩ። መጽሐፉን ተወው አለችኝ። እንግዲያው ሙስጠፋ አለ አልኳት፤ ማደንዘዣ የሚሰጠው፤ ለዓመታት እሱ ከታማሚው ራስ፣ እኔ ከሆዱ በኩል ቆመን ሠርተናል፤ ጅጅጋ ስለተማረ አማርኛም ያወራኛል። አግብቷል ወይ አለችኝ። አላውቅም። ልጅ አለው? አላውቅም። ቤቱ የት ነው? 26 ጁን የሚባለው ሰፈር ሲባል ሰምቻለሁ መሰለኝ። ሦስቱም ተያዩ።

«ታማሚዋ እኛን ሁሉ አስከትላ ትመጣለች» አለች ኤዶ ሳህራ። «አንተ ማንን ይዘህ ነው የምትመጣው?»

በርጩማው ላይ አቀረቀርኩ። ከዚያ በሶማሌኛ ጥቂት ተመካከሩና ፍርዱ ተነገረኝ፤ ወድቄያለሁ። ወላሂ፣ የናይሮቢው ማለፍ ያላመጣውን ደስታ ይሄ መውደቅ አመጣልኝ። ድጋሚ ፈተናው ለሚመጣው ጁምዓ ተያዘልኝ፣ ከአስር ሶላት በኋላ። ግዴታው አንድ ብቻ ነው፤ ብቻዬን እንዳልመጣ፣ ሰው ይዤ እንድመጣ። ይሄማ ቀላል ነው ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ነው ቀላል አለመሆኑ የገባኝ። የዚህን ከተማ ሰው ከውስጥ እስከ ጉበቱ አውቀዋለሁ፤ ሻይ ና ጠጣ የምለው ግን ማንን ነው?

ሳምንቱን ሙሉ አብረን ስንሠራ ለሙስጠፋ ልነግረው እልና ጭምብሌን አወልቅና እተወዋለሁ። ምን ብዬ እጀምረዋለሁ? ከእሱ ጋር ያወራሁት ሁሉ ስለ ደም ግፊት ነው። ጁምዓ ደረሰ። ከሶላት መልስ ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። ገና በቅጡ ሳይጠራ አነሣው፤ ሰላም ሳይለኝ ቁልፉን ሲፈልግ፣ ጫማውን ሲያጠልቅ ይሰማኛል።

«መጣሁ፣ መጣሁ። ምን ገባ?» አለኝ።

ምንም አልገባም፣ የሚከፈት ሰው የለም አልኩት። ጅግጅጋ ያር እኔ ጋ መጥተህ ሻይ እንድንጠጣ ነው የደወልኩልህ አልኩት።

ቁልፉን መልሶ ሲያስቀምጥ ሰማሁት። ከዚያ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ፣

«ፉአድ፣» አለኝ፣ «ማን ሞተብህ?»